የእንቁጣጣሽ ሥዕል

በልጅነታችን የእንቁጣጣሽ ማለዳ የወንዶች ድርሻ ሥዕል ነበር። ሴቶቹ አደይ አበባቸውን ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ፣ እኛ ከነሐሴ ጀምረን በቀለም እርሳስ ያዘጋጀናቸውን አበቦች፣ ፀሐዮችና ክንፋቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ መላእክት ለየጎረቤቱ እናድላለን። «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ሥዕሉን እንሰጣለን፤ ስሙኒ ይሰጡናል። እኔ ግን ሳንቲሙን ተቀብዬም ቶሎ አልሄድም ነበር። ሥዕሌ ከግድግዳው በየትኛው በኩል እንደሚለጠፍ ሳላይ እግሬ አይነሣም።

ይህ ደስታ እንዴት እንደ ጠፋብኝ ዐውቃለሁ። በጉርምስናዬ ለቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆች በፍየል ቆዳ ላይ እየሣልሁ እሸጥ ነበር። ቡና የምትቀዳ ሴት፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳን… ነጋዴው የሚፈልገው ትናንት የተሸጠውን ነው። ቡና የምትቀዳዋን ሴት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ሣልኋት፤ በመጨረሻ ፊቷን ሳላያት እጄ ብቻውን ይጨርሳት ጀመር። አንድ ቀን ብሩሼን አጥቤ አስቀመጥሁና ዳግመኛ የማነሣበት ምክንያት አጣሁ። የሂሳብ ሥራ ተማርሁ፤ ተቀጠርሁ፤ አገባሁ። ባለቤቴ ሥዕል እንደምችል የምታውቀው በወሬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ባለቤቴ ተወልዳ ያደገችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እናቷ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የቀድሞው ቤት ጠባብ የቀበሌ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ይህን ሁሉ ባለቤቴ ራሷ ትናገራለች። ነገር ግን ታክሲያችን በፒያሳ ባለፈ ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ታዞራለች። የግቢው በር የሚታይበት ፎቶግራፍ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ የሠርጋችን ዕለት የተነሣ ሲሆን፣ ሚዜዎቹ የበሩን ግማሽ ሸፍነውታል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ ምን ልስጣት ብዬ ሳስብ ያ በር ትዝ አለኝ።

ሸራና አክሪሊክ ቀለም ገዛሁ። የዘይት ቀለም ብመርጥ ሽታው ምስጢሬን ያወጣብኝ፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጅብኝ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ በክረምቱ ደብዛዛ ብርሃን ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳፍር ነበር። እጄ ከሱቁ ትእዛዝ ሌላ የሚያውቀው የለምና በሩም የሚሸጥ በር ሆኖ ወጣ፤ ንጹሕ፣ ደማቅ፣ ሐሰተኛ። በነጭ ቀለም ደፈንሁት።

ያን በር ለዓመታት እያንኳኳሁ አንድ ቀን እንኳ አስተውዬ እንዳላየሁት የገባኝ ያኔ ነው። ማታ ማታ ቡና ስንጠጣ ሳላስነቃ እጠይቃት ጀመር።

«በራችሁ ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው?»

«ወደ ውስጥ። ክረምት ሲሆን ግን ጭቃው ይይዘውና በትከሻ ነበር የምንገፋው» አለች፤ ፈገግም አለች። ለወራት ስለዚያ ቤት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆይታ ነበር። ከዚያች ማታ በኋላ ግን ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ በሩን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ እርሷ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ደግሞ ሰማያዊ ቀብተውት ነበር። ከደጁ አጠገብ በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ ዳማከሴና ጤና አዳም ነበሩ። እኔ ስለ ቀለም እጠይቃለሁ፤ እርሷ ልጅነቷን ትነግረኛለች።

በማግሥቱ በሩን እንደ አባቷ አረንጓዴ ቀባሁት። ሲደርቅ ሰማያዊውን ደረብሁና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፤ አረንጓዴው ከሥር ብቅ አለ። ጥላን በጥቁር ቀለም መሥራት የሱቅ ልማዴ ነበር። አሁን ግን ሰማያዊውን ከዝገቱ ብርቱካናማ ጋር ባዋህደው በሩ ራሱ የጣለው የሚመስል ግራጫ ወጣልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። የምሳ ሰዓት ማለፉን የነገረኝ የጥበቃ ሠራተኛው ነበር። እንዲህ ጊዜ የጠፋብኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ለሱቁ ስሥል ሥዕሌን ማን እንደሚያየው አላውቅም ነበር፤ አሁን የማን ዓይን እንደሚያርፍበት ዐውቃለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ከቤት ወጥቼ የገዛ በራችንን አንኳኳሁ። ስትከፍት «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ሥዕሉን ሰጠኋት። ብዙ ቆየች። ሰማያዊው በተፋቀበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ልትናገር ስትል እንባዋ ቀደማት።

በመጨረሻ «ዳማከሴው እኮ በስተግራ ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የአንድ ብር ሳንቲም አመጣችና በመዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያን ዕለት ማታ ቀለሞቼን በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋሁ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በቤቴ፣ በግልጽ። እርሷ አጠገቤ ተቀምጣ «ከፍ አድርገው፤ ቅጠሉም ይብዛ» እያለች ዳማከሴውን ወደ ግራ አዛወርነው። ሲደርቅ ሚስማርና መዶሻ ይዛ ተነሣች። እኔም እንደ ልጅነቴ ከግድግዳው በየትኛው በኩል እንደምትሰቅለው ለማየት ቆሜ ጠበቅሁ።