ለወንድምዬ፣ ከሐሙስ በፊት

ጀሞ 2

ውድ ወንድምዬ፣

አንድ ቤት እያደርን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅህ ይሆናል። ምን ላድርግ? የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ስወጣ አንተ ተኝተሃል። ማታ ስመለስ ደግሞ ከእማዬ ጋር ተኳርፈህ በርህን ዘግተሃል። ከዚያ ወዲያ ያለን ወሬ «አጠናህ?» «አዎ» ነው፤ ሁለታችንም አናምነውም።

እማዬ ሰነፍ ትልሃለች። እኔ አይመስለኝም። ሰነፍ ሰው ውሃ በፈረቃ ስትመጣ በውድቅት ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን አይሞላም፤ ለጎረቤት ብሎ ሲሊንደር ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። በሦስት ቀለም እስክሪብቶ እንደዚያ ያማረ የጥናት ፕሮግራምም አይሠራም። ፍሪጁ ላይ የለጠፍከውን ቆሜ አነበብኩት፤ ፊዚክስ በሰማያዊ፣ ኬሚስትሪ በአረንጓዴ፣ ሒሳብ በቀይ። ከሱ በፊት የነበረውም ያምር ነበር። ከየቴሌግራም ቻናሉ ያወረድካቸውን የድሮ ፈተናዎችም አሳይተኸኛል፤ ፒዲኤፍ በፒዲኤፍ ላይ ተደርድሯል፣ አብዛኛው ግን ገና አልተከፈተም። ስታወርደው ያጠናህ ያህል ቀለል ይልሃል፣ አይደል? ፕሮግራም ማስመሩም ያው ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ፈርተሃል። ብትፈራም አልፈርድብህም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አንተ ገና 9ኛ ክፍል ነበርክ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዓመቱ 3.2 ሆነ፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ከፍ ብሏል፤ ግን ከመቶው ከ90 በላዩ የሚወድቅበት ፈተና ያስፈራል እንጂ ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ስትገልጥ ፍርሃቱ ይመጣል፣ ስትዘጋው ለጊዜው ይሄዳል። ቲክቶክ ያኔ መድኃኒት ይመስላል።

ቲሞቲ ፒቺል የሚባል፣ በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የሥነ ልቦና ምሁር ይህንኑ ነው የሚለው። ዛሬ ነገ ማለት ከሰዓት አጠቃቀም ይልቅ የስሜት ጉዳይ ነው፤ ሥራው የሚያመጣብንን ጭንቀት ሸሽተን የአሁኗን ሰላም እንመርጣለን፣ ዕዳው ለነገ ይተላለፋል። ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት ደግሞ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ካጓተቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለቀጣዩ ሲዘጋጁ ያጓተቱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ያለፈውን ወር እያነሳህ ራስህን አትውቀስ። ለወቀሳው እማዬ በቂ ናት።

ስለ ኳስ ጨዋታውም ላንሳ፤ እኔና እማዬ የማንስማማውም እዚህ ላይ ነው። አርሰናልን አትይ አልልህም። የማዝንልህ ጨዋታውን እንኳ በወጉ ስለማታየው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠህ ሐሳብህ መጽሐፉ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ፊት ስትቀመጥ ደግሞ ጨዋታው ላይ። ከሁለቱም ሳትሆን ደክመህ ትገባለህ። እነዚያን እንጦጦና ሱሉልታ የሚሮጡ አትሌቶቻችንን አስብ። ከከባድ ልምምድ ማግስት ቀለል ያለ ሩጫ አላቸው፤ አሰልጣኛቸው ራሱ ያዘዘው ስለሆነ በዚያ ቀን ሰነፋችሁ የሚላቸው የለም። ያንተ ፕሮግራም ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ጥናት ብቻ ነው። ምሳ እንኳ የለበትም! ማን ይችለዋል? ሰኞ ይፈርሳል፣ ማክሰኞ አዲስ እስክሪብቶ ትገዛለህ።

ደግሞ ሰፈራችንን ረሳኸው። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሞንታርቦው ሲያጓራ፣ ኮሙናሉ ጋ በግ ሲታረድ፣ ኬሚስትሪ ብለህ የጻፍከው ለማን ነው? የቅዳሜን ከሰዓት ሰርዘው። ጨዋታ ብለህ ጻፍበት፣ በቀይ።

አሁን አንድ ስምምነት ላቅርብልህ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ሦስት ጽሑፍ ማስረከብ ከነበረባቸው ተማሪዎች መምህሩ ቀኑን አራርቆ የቆረጠላቸው፣ ራሳቸው እንዲቆርጡ ከተተዉት የተሻለ ውጤት አመጡ። እኔም የሐሙስን ማታ ቆርጬልሃለሁ። ካወረድካቸው የፊዚክስ ፈተናዎች አንዱን ክፈት፤ ሃያ ጥያቄ ብቻ፣ መጽሐፉ ተዘግቶ፣ በወረቀት ላይ ሠርተህ ታስረክበኛለህ። ስንት እንዳገኘህ አልጠይቅም፤ ፊዚክስን ከረሳሁት ቆይቷል፣ ባርምልህም የባሰ አሳስትሃለሁ። የማየው መሠራቱን ብቻ ነው። የተሳሳትከውን አንተው መጽሐፉን ገልጠህ ታየዋለህ። ስትሠራ ስልክህ በእማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ አትከፍትብህም፣ አነጋግሬያታለሁ። መጀመሩ ከከበደህ ለሦስት ጥያቄ ብቻ ብለህ ተቀመጥ። ከሦስቱ በኋላ መነሳት ካማረህ ተነሳ፣ ማታ ትመለስበታለህ።

ሐሙስ ካስረከብክ ቅዳሜ የዲኤስቲቪ ቤቱን መግቢያና ማኪያቶውን እኔ እችላለሁ። እስክትመለስ ድረስ እማዬ አንዴም አትደውልልህም፤ ይህንንም ቃል አስገብቻታለሁ፣ ምንም እንኳ ፊቷን አጥቁራ ቢሆን። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኬሚስትሪ ነው።

አርሰናል ተሸነፈ ብለህ ግን ሐሙስ አይሰረዝም።

የምትወድህ እህትህ