ሐዲድና ሞርሳ

በፊልም ዘመን ሰፊ ፎቶ የሚሠራው በመቀስና በኮላ ነበር። እንጦጦ ወጥተህ ከተማዋን ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርክ ታነሣለህ፤ ፊልሙን ፒያሳ ወርደህ ታሳጥባለህ፤ ካርዶቹ ሲመጡ ጠረጴዛ ላይ ደርድረህ ጫፋቸውን እየቆረጥክ ታጋጥማለህ። የማተሚያው ማሽን ለእያንዳንዱ ካርድ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ስለሚመርጥለት አንዱ ሰማይ ሰማያዊ ሲሆን ጎረቤቱ አመድማ ሆኖ ይወጣ ነበር። ደንበኛው ግን ልብ አይለውም። ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ መስታወት ገብቶለት ሲያየው "አዲስ አበባ እኮ ሙሉዋን ናት!" ይላል። ስፌቱ ዓይኑን የሚወጋው የሠራውን ሰው ብቻ ነበር።

በኋላ መቀሱ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ፎቶዎችን የሚያገጣጥመውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1998 ጀርመን አገር፣ ፉርትቫንገን በምትባል ከተማ የሚያስተምር ሄልሙት ደርሽ የሚባል ፕሮፌሰር ጽፎ በነፃ በትኖት ነበር። ሌሎች ደግሞ ለአጠቃቀም እንዲቀል መስኮትና ቁልፍ አበጁለት፤ ከእነዚህ አንዱ ፒቲጂዩአይ ነው። እኛ እጅ የገባው ግን ዘግይቶ፣ እንደ ኒኮን ዲ70 ያሉ ባለ 6 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ መግባት ሲጀምሩ ነው። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ስለነበር ፕሮግራሙ በሲዲ ከሰው ወደ ሰው ይዞር ነበር።

ሥራው የጥልፍ ሥራ ነበር። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ከፍተህ ያንኑ የመስኮት ጥግ በዚህም በዚያም ትነካለህ፤ ከዚያ የጣሪያውን ጫፍ፣ ከዚያ የምሰሶውን እግር። አንድ መጋጠሚያ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩን አዘህ ትተኛለህ፤ ሌሊቱን ሲያሰላ ያድራል። መብራት ከጠፋ ጠዋት እንደገና ነው።

በኮላው ዘመን ያልነበረ ጭንቀት የመጣው ያን ጊዜ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ምሰሶው በመጋጠሚያው ላይ ትንሽ ቢሰበር "በእጅ ስለተሠራ ነው" ይባላል። ስክሪን ላይ ግን ሁለት አፍንጫ ያለው ሐውልት ወይም መሐሉ ላይ የተቆረጠ ዓምድ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ፕሮግራሙን ብንረግም ጥፋቱ የሱ አልነበረም። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ አውራ ጣትህን ከፊትህ አቁምና አንገትህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መልስ፤ ጣትህ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ሲሄድ ታያለህ። ዓይንህ ከአንገትህ ፊት ስላለ፣ ስትዞር መዞር ብቻ ሳይሆን ቦታም ይለውጣል። ካሜራም እንደዚያው ነው። ብሎኑ የሚገባው ከሆዱ በታች ነው፤ የሚያይበት ነጥብ ግን ከዚያ ወደ ፊት፣ ሌንሱ ውስጥ ነው። ከፊት ሆነህ ወደ ሌንሱ ብታይ የዲያፍራሙ ቀዳዳ ያለ የሚመስልህ ቦታ እሱ ነው። ካሜራውን ወደ ኋላ ስበህ ይህ ነጥብ በትሪፖዱ ዘንግ ላይ ልክ እንዲያርፍ ካላደረግህ፣ ቅርቡ ነገር በሩቁ ላይ መሄዱ አይቀርም።

ካሜራውን የሚስበው ያ ረጅም የአሉሚኒየም ስላይድ ነው፤ ሐዲድ እንለው ነበር። ሐዲዱን ነክሶ የሚይዘውን ክላምፕ ደግሞ ሞርሳ።

ሱቅ ገብቶ ጨብጦ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። በካታሎግ ሥዕል ታያለህ፣ በሐሳብህ ትገጣጥማለህ፣ ከዚያ ቨርጂንያ ያለች የእህትህ ልጅ እስክትመጣ ትጠብቃለህ። አንድ ጊዜ ከመጣ አይመለስም። ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት ያለው ክርክር ረጅም ነበር፤ ቡና እየጠጣን፣ ወረቀት ላይ እየሣልን፣ በማስመሪያ እየለካን።

የመጀመሪያው ክርክር ርዝመት ነበር። አጭር ሐዲድ ሻንጣ ውስጥ ይመቻል፤ ለሰፊ ሌንስም ይበቃል። ዙም ሌንስ ያለው ሰው ግን ነጥቡ በዙሙ ልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚሄድ ማወቅ ነበረበት፤ በ24 ሚሊሜትር የሠራው ልክ በ70 አይሠራም። ከ20 ሳንቲሜትር እምብዛም የማያንሰውን ረጅሙን የመረጥነው ለዚህ ነው። ሚሊሜትሩ የተቀረጸበት ሐዲድ ደግሞ ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣል። ልኩን አንዴ ካገኘኸው ቁጥሩን በፕላስተር ጽፈህ ሌንሱ ላይ ትለጥፋለህ፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ውስጥም ታስተካክለዋለህ። ልኩን የምናገኘው በመስኮት ፍርግርግ ነበር። አንዱን ብረት ከውጭ ካለው የመብራት እንጨት ጋር ታሰልፋለህ፤ ካሜራውን ግራና ቀኝ እያዞርክ፣ ሁለቱ አንዱ ካንዱ መሸሽ እስኪተው ድረስ ሐዲዱን ትገፋለህ፣ ትስባለህ።

ሞርሳው ላይ ግን ጎራ ለይተን እንጣላ ነበር። ጠርዙ ዘመም ያለ፣ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን አርካ ስዊስ የሚባለውን ቅርጽ ብዙ ፋብሪካ ስለተከተለው ከየትም የመጣ ሐዲድ ከየትም ለመጣ ሞርሳ ይሆናል ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ግን ጭረት በምታህል ልዩነት። በሌቨር የሚቆለፈው ሞርሳ ፈጣን ነው፤ ቀጭ ሲል ደስ ይላል። የሚነክስበት ስፋት ግን የተወሰነ ስለሆነ ከሌላ ቤት የመጣ ሐዲድ ሊላላበት ይችላል። በብሎን የሚጠመዘዘው ቀርፋፋ ነው፤ ግን እስኪነክስ ድረስ ታጠብቀዋለህ። ካሜራው ከአንዱ፣ ሐዲዱ ከሌላው፣ ትሪፖዱ ከሦስተኛው ለመጣለት ሰው፣ ማለትም ለሁላችንም፣ ትክክለኛው ባለ ብሎኑ ነበር። ዛሬም አልቀይረውም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ መዞሪያው የት ይሁን? ትሪፖዱ አናት ላይ ያለው ባለ ኳስ ጭንቅላት የሚዞረው ከኳሱ በታች ነው። ስለዚህ ከላይ ካሜራውን በሊቬላ ብታስተካክለውም እግሮቹ ከተዛነፉ ስትዞር አድማሱ ይወርዳል፣ ይወጣል። መፍትሔው ከኳሱ በላይ የሚዞር ሞርሳ ነው፤ ኳሱን ለማስተካከያ ብቻ ትጠቀምበታለህ። ይህ ውድ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን የትሪፖዱን እግር በድንጋይ እየደገፍን፣ አናቱ ላይ የግንበኛ ሊቬላ እያስቀመጥን ሠርተናል። ፎቶውን አቁመን ለማንሣት ደግሞ የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ያስፈልግ ነበር፤ ያለ እሱ ካሜራውን ወደ ጎን ስታጋድመው ሌንሱ ከዘንጉ ይወጣና የሐዲዱ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መርካቶ ቶርኖ ቤት ያሠራም ነበር። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ዘመም ያለውን ጠርዝ አንዴ ካዩት ይቆርጡልሃል። ችግሩ ብሎኑ ነበር። ካሜራ የሚወስደው ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ብሎን ነው፤ ገበያው ላይ የሞላው ግን ባለ 6 ሚሊሜትሩ ነው። ውፍረቱ ለዓይን አንድ ነው፣ ጥርሱ አይገጥምም። በግድ ከጠመዘዝከው የካሜራውን ሆድ ይበላዋል። ቶርነኛው "ይገባል፣ ትንሽ ጫን በለው" ሲል ካሜራህን አንሥተህ መውጣት ነበር።

ይህን ሁሉ ተከራክረን፣ ከፍለን፣ ጠብቀን ሐዲዱ ሲመጣ ወዴት ይዘነው ሄድን? ወደ ተራራ! ስሜን፣ እመት ጎጎ አፋፍ ላይ፣ 3 ሺህ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ብረቱን ተሸክመን ወጣን። እዚያ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሌንሱ ከዘንጉ 8 ሳንቲሜትር ቢቀድም፣ ካሜራው 25 ዲግሪ ሲዞር የሚያይበት ነጥብ 3 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ገደል ይህ ከአንድ ፒክስል ያነሰ ነው፤ በእጅህ ይዘህ ብታነሣም ይገጥማል። 2 ሜትር ላይ የቆመች ጅብራ ፊትህ ካለች ግን ያቺው 3 ሳንቲሜትር ተኩል በባለ 6 ሜጋፒክስሉ ካሜራና በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ከ50 ፒክስል በላይ ታዛንፋለች። ምርጫው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከፊትህ ቅርብ ነገር አለ ወይስ የለም?

የሐዲዱ ቤት ጠባብ ቦታና ከጣሪያ በታች ነበር። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ከአፋፉ ሲታይ ብዙም አያስቸግርም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደህ ግድግዳው ትከሻህን ሊነካ ሲደርስ ግን ያለ ሐዲድ አይሞከርም። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን መሐል መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል፤ አራቱም ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ሰፊ ፎቶ ከአንድ ነጥብ ላይ ዞሮ የሚያይ ነው፤ አንተ መሐል ቆመህ ዓለም ይከብሃል። እዚህ ግን መሐሉ ላይ ያለው መቅደሱ ነው፣ ዙሪያውን የምትሄደው አንተ ነህ። ስለዚህ አራቱን ግድግዳ በአንድ ፎቶ ልያዝ ማለት ዘበት ነው፤ እያንዳንዱን ፊት ለብቻው፣ ዓምዱን ከፊት አድርገህ፣ ያለ ፍላሽ፣ ለረጅም ጊዜ ብርሃን እያስገባህ ትሠራለህ። ሞርሳው በጭረት ቢላላ የሚታወቀውም እዚያ ነው፤ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ያ ጊዜ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 አይፎን እጅን እያዞሩ ሰፊ ፎቶ ማንሣትን ለሁሉም ሰጠ። መጋጠሚያ ነጥብ በጣት መንካት ቀደም ብሎ ቀርቶ ነበር፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ከእነዚያ አንዱን ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ኩባንያ ኮሎር በጎፕሮ ተገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። የሚዛነፈውን መጋጠሚያ አዲሶቹ ፕሮግራሞች ሌላ መንገድ እየፈለጉ ይሸፍኑታል፤ ሰማይና ሣር ላይ ሲሆን ደህና አድርገው፣ የሥዕል ቅዱሳን ፊት ላይ ሲሆን ግን ደፍረው። እኔ ይህን የመጨረሻውን አልወድላቸውም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሥዕሎቹ ያው ናቸው፤ ሐዲድ፣ ሞርሳ፣ ሚሊሜትር።

"ጋሼ፣ ባለ ሌቨሩን ልግዛ ወይስ ባለ ብሎኑን?"

"ምን ልታነሣበት ነው?"

"ሠርግ። አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ።"

"ሰዎቹ ይጨፍራሉ?"

"እንዴ ጋሼ፣ ሠርግ ነዋ!"

የሚጨፍር ሰው በአንዱ ፎቶ እጁን አንሥቶ በሚቀጥለው ያወርዳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሐዲድ አያስተካክለውም። ብሩን ሰፊ ሌንስ ላይ እንዲያውለው ነገርኩት። ባለ ሌቨሩን ገዛ።