ሁለት ትርፍ ባሌስትራ

ቃሊቲ መንገድ ዳር መኪና ከፍ ማስደረግ ለሚፈልግ ሰው ባለሙያ አይጠፋም። ዝቅ ማስደረግ የሚፈልግ ግን በቅድሚያ ጤነኛ መሆኑን ማስረዳት አለበት። እኛም ክረምቱን ይህንኑ ስናስረዳ ከረምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን ከአባቱ የወረሳት ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለችው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ የናፍጣ፣ የኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋት፣ ኮድ 3። አባቱ በሕይወት እያሉ ከአቃቂ ገበያ ሽንኩርት፣ ከማምረቻው ብሎኬት ሲያመላልሱባት ኖሩ። አሁን ልጅየው ይነዳታል፣ እናቱ ሒሳቡን ይይዛሉ። የሁለት ታናናሽ እህቶቹ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚወጣው ከዚያው ከጭነቱ ገንዘብ ነው።

ልጁ ግን ማታ ማታ ስልኩ ላይ የታይላንድ ፒክአፖችን ያያል። ታይላንድ ሃይሉክስ በብዛት ከሚመረትባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ወጣቶቿም መኪናዋን መሬት እስክትስም ድረስ ዝቅ አድርገው ይነዷታል። ከእነሱ በፊት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጃፓን ትንንሽ ፒክአፖችን ዝቅ ማድረግ ትልቅ ፋሽን ነበር። «እኛስ?» አለ ጓደኛችን። እኛም (በሰው ገንዘብ ሐሳብ ለመስጠት ማን ይሰንፋል?) «እንጠይቅ» አልነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ቃሊቲ ሲባል ለረዥም ጊዜ ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነበር። እዚህ ላደግነው ግን ቃሊቲ ማለት ጭነት ነው። ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ቁልቁል ብትወርዱ የምታዩት የጅቡቲ ተሳቢ፣ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ፣ «አልቃይዳ» የሚል ስም የወጣለት አይሱዙ፣ ከእነዚህ መሃል እየተሽሎከለከች የምታልፍ ፒክአፕ ነው። እዚህ ሰፈር መኪና በመልኳ አትመዘንም። «ስንት ኩንታል ትችላለች?» ነው ጥያቄው። ስለዚህ ፒክአፕ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው ጋራዥ ወስዶ ከኋላ ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ እንደ ፌንጣ ይነሳል። ለሰፈራችን ሰው ያ ነው ቁመናዋ።

መጫወቻም አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አናረው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። አሮጌ መኪና ያለው አሮጌውን ይዞ ይኖራል። ይህችን ካበላሸናት የምትተካ የለችም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ እየጠየቅን፣ እየለካን፣ እየተጨቃጨቅን ነው የሄድነው።

መጀመሪያ የቀረበልን ሐሳብ ከሁሉም ርካሹ ነበር፤ በኦክስጅን ማሞቅ። ባሌስትራው በእሳት ሲቀላ ይለሰልሳል፣ መኪናዋም በራሷ ክብደት ቁጭ ትላለች። ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ሻይም አብሮ ይጠጣል። ግን ባሌስትራ ተለጥጦ የሚመለሰው ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ስለተሞቀ፣ በልኩ ስለቀዘቀዘ፣ እንደገና በልኩ ስለተሞቀ ነው። ያንን ልኩን ያጣ ብረት አንድም እንደተጣመመ ይቀራል፣ አንድም ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ከአሮጌ ባሌስትራ ማረሻና ቢላ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ይህንን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፤ እሱ ሲያሞቀው ማረሻ ሊያደርገው ነው። (በነገራችን ላይ ባሌስትራም፣ ሞላም፣ አሞርዛተርም ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው። ባሌስትራ በእነሱ ቋንቋ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ነው። ጎብጦ የሚመለስ ነገር መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል።)

ሁለተኛው ሐሳብ ታኮ ነው። መኪናዋ ስር ተንጋለን ገባን። ባሌስትራው የታሰረው ከአክስሉ በታች ነው። ይሄ ለእኛ ደግ ዜና ነበር፤ በመሃላቸው አምስት ሳንቲ ሜትር የብረት ታኮ ቢገባ መኪናዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ትወርዳለች። አራቱም ጎማ የሚገፋቸው ሃይሉክሶች ላይ ግን ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ስለሆነ ያው ታኮ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል። ይህን ሳያይ ታኮ ያሠራ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከሚፈልገው ተቃራኒውን ይዞ ይመለሳል። ቶርኖ ቤት ጠየቅን፤ ይቻላል ተባልን፣ ረዘም ያለ ዩ ቦልት ጨምራችሁ አምጡ ተባልን። ከጠንካራ እንጨት ልሥራላችሁ ያለም ነበር። አመስግነን ወጣን።

የፊቱ ሞላ የለውም። የሚሸከማት በቁመቷ የተዘረጋ የሚጠመዘዝ ብረት፣ ቶርሽን ባር የሚሉት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቡሎን ማላላት ብቻ አፍንጫዋን ዝቅ ያደርገዋል። ነጻ ነው። የሚያሰጋውም ነጻ መሆኑ ነው፤ ሰው ነጻ ሲያገኝ አያቆምም። ብዙ ከተላላ የፊት እግሯ የመጨረሻው ጎሚኒ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱን የሚቀበለው ጎሚኒው ነው፣ ከጎሚኒው ቀጥሎ የእኛ ወገብ። አቃቂ ደግሞ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተነጠፈው አስፋልትም አብሮት ይተነፍሳል። ታይላንዶቹ ይህን ቪዲዮ ላይ አያሳዩም።

ዝቅ ላለች መኪና አጠር ያለ አሞርዛተር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የድሮው ገና ሳይሠራ ወለሉን ይመታል። ሶማሌ ተራ ሄደን «አጭር አሞርዛተር» ብንል ሻጩ ፈገግ ብሎ «የተሰበረ ነው የምትፈልጉት?» አለን።

ነገሩን የቀየሩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሥሯ ገቡና «ልጆች፣ ይቺን አይታችኋል?» አሉን። ከአክስሉ ተነስታ ሻንሲው ላይ ካለ ትንሽ ዕቃ ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ ናት። አላየናትም ነበር። ያ ዕቃ ለኋላ ጎማዎች ፍሬን የሚያካፍል ቫልቭ ነው፤ መኪናዋ መጫን አለመጫኗን የሚያውቀው ደግሞ በቁመቷ ነው። ስትጫን ኋላዋ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቩ ለኋላው ብዙ ፍሬን ይለቃል። ባዶ ስትሆን ከፍ ትላለች፣ ቫልቩም ይቆጥባል።

«እናንተ በታኮ ዝቅ ስታደርጓት ባዶዋን ሆና የተጫነች ይመስለዋል» አሉ ጋሼ። «ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ ኋላዋ ይቆልፍና ትዞርባችኋለች።» ከዚያ ባሌስትራዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቱ ውፍረታቸውም ዝገታቸውም ከሌሎቹ ይለያል። «እነዚህ አብረዋት የተወለዱ አይደሉም። ባለቤቱ ያስጨመሯቸው ናቸው። እነሱ ደግሞ በሌላ በኩል አታለውታል፤ ተጭና እያለች ባዶ ይመስለው ነበር።»

ዝም አልን። መኪናዋ የተሠራችው ለአንድ ቶን፣ ማለትም ለአስር ኩንታል ገደማ ነው። አባትየው አርባ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሃያ ኩንታል ጭነውባት ከቱሉ ዲምቱ ቁልቁለት ይወርዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች ሆነን በዚያ ጭነት ላይ ተቀምጠን ሄደናል። የጓደኛችን የትምህርት ቤት ክፍያ የወጣው ከእነዚያ ሁለት ባሌስትራዎች ነው።

እዚህ ላይ የምንለው አለን። ዝቅ ያለች መኪና ሲያይ «ዱርዬ፣ ሰው ሊጨርስ ነው» የሚል የሰፈር ሰው፣ ኋላዋ የተሰቀለችውን ሲያይ «ጎበዝ ሠራተኛ» ይላል። ለፍሬኑ ግን ሁለቱም ያው ውሸት ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ለመልክ፣ አንዱ ለእንጀራ የተዋሸ መሆኑ ነው። ለእንጀራ የተዋሸውን መፍረድ ይከብደናል፤ ግን ቁልቁለት ላይ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ምክንያቱ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ የመረጥነው ዕቃ ምንም ዕቃ አለመጨመር ሆነ። ታኮውን ተውነው። ሁለቱን ትርፍ ባሌስትራ ማውጣት፣ ቫልቩን ጋሼ እንዲያስተካክሉት፣ ፊቷን ከኋላዋ ጋር እንዲመጣጠን ጥቂት ማላላት፣ አላይመንት ማስያዝ።

ቀሪው ጉዳይ ለእናቱ መንገር ነበር። በእኛ በኩል ሁላችንም አብረን ሄድን፤ በብዛት ስንሆን አይቆጡም ብለን። ቡና እያፈሉ ሰሙን።

«አባትህ ለጌጥ ያስገባው መሰላችሁ?» አሉ።

«አይደለም እማዬ» አለ ልጁ።

«ሃያ የሚጭነውን በአስር ስትሄድ ናፍጣው እጥፍ ነው። ይህንን አስልታችኋል?»

አስልተን ነበር። ብሎኬቱን ለሌላ ትቶ ሽንኩርትና የቤት ዕቃ ላይ ቢያተኩር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቪዲዮ ቀራጮችን ጭኖ የሰርግ አጀብ ፊት ቢሄድ የሚጎድለው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይዘን ነበር። ይጎድላል። አልደበቅናቸውም። ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አዩትና ስለ ፍሬኑ እንደገና እንድንነግራቸው ጠየቁ። ነገርናቸው። ሁለተኛውን ሲኒ እስኪጨርሱ አልተናገሩም።

«አውጡት» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንዳትሸጡት።»

ኋላዋ አራት ሳንቲ ሜትር ወረደ። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በሜትር ለክተን ጽፈናል። መንገድ ላይ የሚያስተውላት የለም፤ ጃፓን ካወጣት ቁመት በታች አይደለችማ። ጓደኛችን ግን ይታየዋል፣ ለእኛም ይታየናል። ሁለቱ ባሌስትራዎች ግቢው ውስጥ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ተጭነውታል። የፊቱ ቡሎን ላይ ገና አልተስማማንም። እሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይቀራል ይላል፣ ጋሼ አንድ ይበቃል ብለዋል።