ምክር ከቁፋሮ ይቅደም

የድንጋይ ከሰል ለሲሚንቶ ፋብሪካ እሳት፥ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ማዳኛ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በሥራችን ጠባይ ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ የለመድን እኛን አንድ ነገር ያሳስበናል፤ ይኸውም ጉድጓዱ እንዲሰፋ ከተቈረጠ በኋላ ሕዝቡን «ምከሩበት» ብሎ መጥራት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ያዩን እናስብ። በኢሉባቦር በሚገኘው በዚህ አገር ከሰልም አለ፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዱር ቡና ደንም አለ። የገባ ወንዝ በዚያው አልፎ ወደ ባሮ ይወርዳል። ድኝ ያለበት የከሰል ድንጋይ ተቈፍሮ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ውሃውን ያኮመጥጠዋል፤ ይህም ውሃ ወንዝ ከገባ ዓሣው ይጎዳል፥ ሰውና ከብት የሚጠጡት ይበላሻል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፥ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሕዝቡ አስተያየት በጥናቱ ውስጥ እንዲገባ አዟል።

እንግዲህ ምክር የሚባለው፥ ጥናቱ ገበሬው በሚሰማው በኦሮምኛ ሲነገረው፥ በበጋ የትኛው ምንጭ ቀድሞ እንደሚነጥፍ የምታውቀው ውሃ ቀጂ እናት ስትጠየቅ፥ «አይሆንም» ያለውም ሰው ቃሉ ሳይለወጥ ሲጻፍለት ነው። ከስብሰባው በኋላም የትኛው ሐሳብ እንደ ተወሰደ፥ የትኛው ስለ ምን እንደ ቀረ ተመልሶ ሊነገረው ይገባል።

በስም መቈጣጠሪያው ላይ የሰፈረው ፊርማ ሰውዬው መምጣቱን ብቻ ይመሰክራል። መስማማቱን ለማወቅ ግን መልሱን ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል።