ዩሪያ ጭነን ዩሪያ ያጣን ዕለት

ከዓመታት በፊት ነው፤ ወሩ ግንቦት። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭነን በወልዲያ በኩል ወደ ደብረ ታቦር እንገባለን። ረዳት ነበርኩ። ሾፌሩ ጋሼ ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የገባውን ያን መኪና ከያዙ ገና ሦስተኛ ምልልሳቸው ነው።

ነፋስ መውጫን እንዳለፍን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። የሞተር ሥዕል ያለበትን እናውቀዋለን፤ ይሄኛው ግን የጠብታ ምልክት ነው። ጋሼ የዘይቱንም የሙቀቱንም ጌጅ አዩ፤ ሁሉም ደህና። "ቀይ እስካልሆነ አያስቆምም" ብለው ነዱ። ቆይቶ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጋሳይ ልንገባ ስንል ዳገቱ ላይ ጉልበቱ ከዳን። ወርጄ ታኮ ደገፍኩ።

የጉና ተራራ ጉም ለብሷል። ደብረ ታቦር ያለ መካኒክ ጋ ደወልን። "ከናፍጣው ሰልባትዮ አጠገብ ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ጋን አለ፣ ክፈቱት" አለን። ከፈትኩት፤ ደርቋል። ሦስት ጊዜ ስንመላለስ በየቀኑ አቧራውን ጠርጌለታለሁ፤ ለምን እንደተሠራ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

"አድብሉ ይባላል፤ ዩሪያ ነው" አለ መካኒኩ።

ጋሼ ወደ ጭነቱ ዞሩ። ጀርባችን ላይ ያለው ሁሉ ዩሪያ ነው! ከከበቡን አንዱ ገበሬ ወዲያው ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ፤ በጥብጠን እንጨምርበት አለ፣ ከልቡ ሊረዳን። ጋሼም አመነቱ። መካኒኩ በስልኩ ውስጥ ጮኸ፦ "እንዳትነኩት! ያ ለማሳ ነው የተሠራ።"

በኋላ ጋራዡ ውስጥ አስረዳኝ። ፈሳሹ 32.5 በመቶ የተጣራ ዩሪያ ነው፤ ቀሪው ማዕድን የወጣለት ውሃ። ማርሚታው ውስጥ ሲረጭ በጭሱ ሙቀት አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውም የናይትሮጅን ኦክሳይዱን መርዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና እንፋሎት ይለውጠዋል። የማዳበሪያው ባዕድ ነገር ግን መርጫውን ይደፍናል፤ ጭሱን የሚያጣራውንም ክፍል ያበላሻል። ጉልበቱ የከዳንም ሞተሩ ታሞ አይደለም፤ ፈሳሹ ካለቀ እንዲደክም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የአውሮፓ ሕግ እንዲያ ያዛል። መብራቱ መጀመሪያ በርቶ፣ ቀጥሎ ብልጭ እያለ ሁለቴ ነግሮን ነበር።

ያን ቀን ጋሳይ ላይ ስንጠብቅ፣ አንድ አሮጌ መኪና ጥቁር ጭሱን እየተፋ ዳገቱን ወጣ። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ናፍጣ በደንብ ካልነደደ ጭሱ ይብሳል። ከገበያ የምትመለስ እናት የጀርባዋን ልጅ ፊት በጋቢ ሸፈነች፤ እሷ ግን ከነጭሱ አለፈች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል፤ ያኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ማታ አንድ ሰው "ሲስተሙን በኮምፒውተር ላዘጋላችሁ፤ መብራቱም አያስቸግራችሁ" ሲል ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው "ያችን ልጅ አየሃት?" አሉኝ።

ፈሳሹ በማግስቱ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣ። ተጨንቄ ቀዳሁት፤ ጠብታ እንዳይፈስ፣ ናፍጣው ጋ እንዳይገባ። ደብረ ታቦር ሳንደርስ መብራቱ ጠፋ። ጋሼ መኪናውን ዳር አስይዘው ደብተሬን እንዳወጣ አዘዙኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ እስክስል ድረስም ሞተሩን አላስነሱም።