ዓሣው ከሚችል እኛ እንቻል

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የዓሣ ገንዳ ነው። ገንዳው ግን ከአምስት ሳምንታት በላይ ዓሣ አልነበረበትም። በውስጡ የነበረው ጨዋማ ውኃ፣ ነጭ አሸዋና ጥቂት ድንጋይ ብቻ ነበር። ለቡና ወደ ቤታችን የሚመጡ እንግዶች ቀረብ ብለው፣ አጎንብሰውም ይመለከቱና «ዓሣው የት አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። «ገና ነው» ስንላቸው ግማሾቹ ይስቃሉ፤ ግማሾቹም «ታዲያ ባዶ ውኃ ምን ያደርግላችኋል?» ይላሉ። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እንደ ዐቅሜ ልመልሰው እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። አባታችን ለታናሽ ወንድሜ፣ ለዘጠነኛ ዓመት ልደቱ ሁለት ክላውንፊሽ እንደሚገዙለት ቃል ገቡለት። ክላውንፊሽ ማለት በሞቃት ባሕር የሚኖር፣ ብርቱካናማ መልክ ያለውና ነጭ መቀነት የታጠቀ የሚመስል ትንሽ ዓሣ ነው። ዝርያዎቹ ብዙ ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ በቀይ ባሕር ይገኛል። በዩኒቨርሲቲ የማጠናው ሥነ ሕይወት ስለሆነ ገንዳውን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ገንዳው 75 ሊትር ይይዛል። የዲሲ የቧንቧ ውኃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ ሲሆን፣ የመጠጥ ውኃን ከጀርም ቢጠብቅም በገንዳ ውስጥ ለምንፈልጋቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ጠላት ነው። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያለፈ ውኃ ተጠቀምሁ። በየሊትሩ 35 ግራም ገደማ፣ በጠቅላላው 2.6 ኪሎ ግራም ያህል የባሕር ጨው አሟሟሁበት። ይህ ጨው የወጥ ጨው አይደለም፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ማዕድናት ያሉበት፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ማሞቂያው ውኃውን በ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠብቀዋል፤ ፓምፑም ያንቀሳቅሰዋል። በሦስተኛው ቀን ውኃው እንደ መስተዋት ጠራ። ዐይን ያየው እንደ ሆነ «ዝግጁ ነው፤ ዓሣው ይግባ» ያሰኛል።

ይሁን እንጂ ልብ በሉ። የጠራ ውኃ ሁሉ ሕይወትን የሚሸከም ውኃ አይደለም። ዓሣ ይበላል፤ ከበላውም የተረፈውን ያስወግዳል። ከሚያስወግደው ዋነኛው አሞኒያ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ በኩል ነው። በውቅያኖስ ውስጥ ይህ እንደ ጠብታ ተቆጥሮ ይጠፋል። በ75 ሊትር ገንዳ ግን መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይከማቻል፤ ተከማችቶም ያንኑ ስንጥብ መልሶ ያቃጥላል። ዓሣው ራሱ ባወጣው ነገር ራሱ ይታፈናል ማለት ነው።

ለባሕር ዓሣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንደኛው ብዙም የማይጎዳ፣ ሁለተኛው ግን መርዛማ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው በይበልጥ የውኃው ፒኤች ነው። ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የባሕር ውኃ ፒኤች ግን 8.2 አካባቢ ስለሆነ መርዛማው ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ የወንዝ ዓሣ ሊያልፈው የሚችለው መጠን የባሕሩን ዓሣ ሊገድለው ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መፍትሔው ለዐይን የማይታዩ ሠራተኞችን ቀድሞ ማስገባት ነው። አንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ እስካለ ድረስ ለዓሣ እምብዛም አይጎዳም፤ ውኃውን በየጊዜው በከፊል በመለወጥም ይቀነሳል። ይህ ሥራ በሁለት የተለያዩ ወገኖች የሚፈጸም መሆኑን ሩስያዊው ሊቅ ሰርጌ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ፣ አፈርን በማጥናት አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በሲያትል አኳሪየም ካለ የሞቃት ባሕር ገንዳ ጠጠር ውስጥ ናይትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ የተባለችውን ተሕዋስ ለይተው አወጡ። ይህች ተሕዋስ ባክቴሪያ ሳትሆን አርኬያ ከሚባለው ወገን ስትሆን፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ትለውጣለች። ከወገኗ ይህን ሥራ ስትሠራ ተለይታ የታየች የመጀመሪያዋም እርስዋ ናት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጎብኚዎች በዚያ ቆመው ዓሣውን ሲያደንቁ፣ ዓሣውን በሕይወት ከሚያቆዩት አንዷ ከሥር በጠጠሩ ውስጥ ተሰውራ ትሠራ ነበር።

እነዚህ ሠራተኞች ግን ዛሬ ተጠርተው ዛሬ የሚደርሱ አይደሉም። ሌሎች ባክቴሪያዎች በምቹ ቦታ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። የሚኖሩት በአብዛኛው በውኃው ሳይሆን በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ነው። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ የባሕር ዓሣ አሳዳጊዎች «ገንዳውን ሳይክል ማድረግ» ይሉታል፤ እኛም «ዑደቱን ማስጀመር» ብንለው ያስኬዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሳይኖር ለሠራተኞቹ ምግብ የሚሆን አሞኒያ በጠብታ ይጨመራል። እኔ በየሊትሩ 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ጨመርሁ። ለዘርም ከአንድ ጓደኛዬ ነባር ገንዳ ጡጫ የምታህል ድንጋይ አምጥቼ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መለካትና መጻፍ ብቻ ነው። ማስታወሻዬ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ አንድ ዓይነት ነው፤ አሞኒያ 2፣ ናይትራይት የለም። በ13ኛው ቀን ጥቂት ናይትራይት ታየ። በ17ኛው ቀን አሞኒያው ወደ 1 ወረደ።

የወንድሜም ልደት የዋለው በዚያው በ17ኛው ቀን ነበር።

ከልደቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከአባታችን ጋር ወደ አንድ የዓሣ መሸጫ ሄደን ነበር። ሻጩ ገንዳችን ገና መሆኑን ሲሰማ ወደ አንዲት ሰማያዊ ዳምሰልፊሽ አመለከተንና፣ «ይህችን ውሰዱ፤ ጠንካራ ናት፤ ትችለዋለች። ውኃው በእርስዋ ይለመድና ክላውንፊሾቹን ከዚያ ትገዛላችሁ» አለን። ይህ ምክር የእርሱ ብቻ አይደለም። ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው፤ ዓሣዋ በምታወጣው አሞኒያ ዑደቱ ይጀምራል፤ ከእነዚህ ዓሦችም ብዙዎቹ መከራውን አልፈው ይኖራሉ። አባታችን ቃላቸውን አክባሪ ናቸውና ፊታቸው በራ። እናታችንም ማታ፣ «ልጁን በልደቱ ቀን አታሳዝነው፤ አንዲት ዓሣ ምን ትሆናለች?» አሉኝ።

እኔ ግን «ትችለዋለች» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በቋንቋችን «ቻለ» ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ ሆነለት፣ ዐቅም አገኘ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ታገሠ፣ ተሸከመ ማለት ነው። «ትዕግሥት» የሚለውም ቃል ተዐገሠ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ፍችው ታገሠ፣ ቻለ ማለት ነው። እንግዲህ በአዲስ ገንዳ ዘንድ የሚቻል አንድ ሸክም አለ። ይህ ሸክም በምክር አይቀርም፤ በገንዘብም ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ወይ እኛ መጠበቅን እንችላለን፣ ወይም ዓሣዋ መቃጠልን ትችላለች። ሻጩ የነገረን ሸክሙ ቀላል መሆኑን አልነበረም፤ ሌላ ተሸካሚ መኖርዋን ነበር እንጂ። ያችም ተሸካሚ «እንቢ» ለማለት አፍ የላትም።

ስለዚህ አባታችንን፣ «አባዬ፣ እርስዎ ቃል የገቡለት የሚኖር ዓሣ ነው፤ ሲታመም የሚያየውን ዓሣ አይደለም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ አንተው ንገረው» አሉኝ። ነገርሁት። አለቀሰ፤ ሁለት ቀንም አላናገረኝም። ልደቱ አለፈ፤ ገንዳውም ባዶውን ዋለ።

በሦስተኛው ቀን መለኪያውን ይዤ ወደ እርሱ ሄድሁና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምትለካው አንተ ነህ» አልሁት። አምስት ሚሊ ሊትር ውኃ በብልቃጥ ይቀዳል፤ ጠብታው ይቆጠራል፤ ብልቃጡ ይናወጣል፤ ደቂቃው ይጠበቃል፤ ቀለሙም ከካርዱ ጋር ይነጻጸራል። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፤ ቢጫ ከሆነ የለም። መጀመሪያ እያኮረፈ ያዘው። በ21ኛው ቀን ግን ከሳሎን ጮኸ፤ «ቢጫ ሆነ! ሠራተኞቹ መጡ!» አለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለእንግዶች ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እርሱ ሆነ። «ባዶ አይደለም፤ የማይታዩ ናቸው» ይላቸው ነበር።

ሆኖም የአሞኒያው መጥፋት የሥራው እኩሌታ ነው። አሞኒያውን እንደ ገና ወደ 2 መለስነው፤ በዚህ ጊዜ የናይትራይቱ ብልቃጥ ደማቅ ሐምራዊ ነበር። እውነቱን ለመናገር ናይትራይት በባሕር ውኃ ውስጥ በጨው አልባው ውኃ የሚያደርሰውን ያህል ጉዳት አያደርስም፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ወደ ዓሣው ስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋልና። ነገር ግን የናይትራይቱ መውረድ የሁለተኞቹን ሠራተኞች መድረስ የሚያስረዳ ምስክር ስለሆነ ጠበቅነው። በ34ኛው ቀን ዜሮ ሆነ። በ35ኛው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ጨመርን። ከ24 ሰዓት በኋላ ስንለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም አልነበሩም። የቀረው ናይትሬት ስለ ነበር የውኃውን እኩሌታ በአዲስ ጨዋማ ውኃ ለወጥን። በ37ኛው ቀን አባታችን ቃላቸውን ፈጸሙ፤ ሁለቱ ክላውንፊሾች ገቡ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንተም በቤትህ እንዲህ ያለውን ሥራ ልትጀምር አስበህ ይሆናል። እንግዲያስ ጥቂት ነገር ላሳስብህ። አንደኛ፣ ቀን ቆጥረህ አትወስን፤ ለክተህ ወስን። የእኛ በ36 ቀን አለቀ፤ የሌላው በሦስት ሳምንት ሊያልቅ፣ ወይም ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሠራተኞቹ ቍጥር በሚያገኙት ምግብ ልክ ነውና ዓሦቹን በአንድ ቀን አታብዛ፤ ሁለት አስገባ፣ ለካ፣ ሳምንታት ይለፉ፣ ከዚያ ጨምር። ሦስተኛ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አትጠብ፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠበው፤ አለዚያ በሳምንታት ያፈራሃቸውን በአንድ ደቂቃ ታጠፋቸዋለህ። አራተኛ፣ ከዑደቱ በኋላ በአሸዋው ላይ ቡናማ ሽፋን ብታይ አትደንግጥ፤ በአዲስ ገንዳ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል።

ገንዳ ባይኖርህም ነገሩ አንተን የማይመለከት አይደለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። በዚህ ተረት ያፈሰሰውም የለቀመውም አንድ ሰው ስለሆነ ጉዳቱ ፍትሐዊ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚቸኩለው አንዱ፣ የሚፈስሰው የሌላው ነው። ያልተዘጋጀ ቤት እንግዳ ሲጠራ የሚቸገረው እንግዳው ነው፤ ያላጠና ሰው ላስተምር ብሎ ሲቆም የሚከስረው ተማሪው ነው። በቸኰልን ቍጥር «ይህን ችኰላዬን የሚችልልኝ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከእኛ የደከመና ስለ ራሱ መናገር የማይችል ፍጥረት ሆኖ ከተገኘ፣ ሸክሙን ከእርሱ ጫንቃ አንሥተን በራሳችን ላይ እናኑር። አምስት ሳምንት ባዶ ውኃ ማየት ለእኛ ትንሽ ነገር ነው፤ ለሚገባው ዓሣ ግን የሕይወቱ ሙሉ ዋጋ ነው።

ይቆየን።