ወደ ሲናሞን በር

አንባቢ ሆይ፥ ስለ አሜሪካ ሲነገር የምትሰማው ስለ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃና ስለ ሰፊው አውራ ጎዳና ብቻ ከሆነ፥ ዛሬ ወደ ሌላ ስፍራ ልውሰድህ። በኮሎራዶ ደቡብ ምዕራብ ሳን ኋን የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚያ ብዙው የተራራ መንገድ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም።

የምንኖረው ዴንቨር ነው። በሐምሌ፥ እናንተ ጃንጥላ ስትዘረጉ፥ እዚህ በጋ ነውና ከአባቴ ወንድም ጋር ተጎታች ቤት ተከራይተን በፒክአፕ እየጎተትን ሄድን። ተጎታች ቤት ማለት አልጋውና ምድጃው፥ የውሃ በርሜሉም ሳይቀር የተሟላለት ባለ ጎማ ጎጆ ነው። የሰፈርንባት የሲልቨርተን ከተማ ከፍታዋ 2,840 ሜትር ያህል ስለሆነ ከደብረ ብርሃን ጋር እኩያ ናት። ውሃው ከ91 ዲግሪ ሳያልፍ ይፈላል፤ ምስራችንም በቶሎ አልበስል አለ። ምክንያቱን ለጋሼ ላስረዳ ጀምሬ ነበር፤ የራበው ሰው ግን ፊዚክስ አይወድም።

በማግሥቱ ቤቱን እዚያው አቁመን ፒክአፑን ብቻ ይዘን በማለዳ ተነሣን። ከቀትር በኋላ በተራራው ራስ ላይ መብረቅ ስለሚበዛ፥ አንተም ብትሄድ በጧት ውጣ። 19 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን አኒማስ ፎርክስ ደረስን። ሰው የሌለባት ከተማ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ብር ፈላጊዎች ሰፈሩባት። በዚያው ዓመት የአገሩ ባለቤቶች የዩት ሕዝቦች እነዚህን ተራሮች በውል እንዲለቁ ተደረገ። በ1883 በከተማይቱ 450 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ1884 በረዶ ለ23 ቀን ሳያቋርጥ ስለ ወረደ፥ ነዋሪዎቹ ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱት በበረዶው ውስጥ መተላለፊያ እየቆፈሩ ነበር ይባላል። ማዕድኑ ሲከስር ሰዉ ተበተነ፤ የእንጨት ቤቶቹ ግን ዛሬም ቆመዋል። ገብቼ በባዶው መስኮት ወደ ውጭ ተመለከትሁ። ነፋሱ ሐምሌ መሆኑን የሰማ አይመስልም።

ከዚያ በላይ 3,850 ሜትር የሚደርሰው ሲናሞን በር ነው። «በር» ያልሁት እንደ ጣርማ በር፥ ተራራውን የሚያሻግረውን አንገት ነው። መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከልካይ ግንብም ሆነ ብረት የለውም። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አድርጌ ስወጣ፥ ከኩርባው ባሻገር አንዲት ጂፕ ብቅ አለች። በዚህ አገር ሥርዓት የሚወርደው ለሚወጣው ይለቃል። የጂፑ ነጂ ግን መሪውን ጨብጦ ደርቆ ቀረ፤ ወደ ኋላ መሄድ አልቻለም። መመለስ ያለብን እኛ ሆንን። የምንተላለፍበት ሰፋ ያለ ስፍራ ስድሳ እርምጃ ያህል ከኋላችን ነበር።

ጋሼ በወጣትነቱ በሊማሊሞ በኩል የጭነት መኪና ነድቷል። ምንም ሳይናገር ወረደና ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ገደሉን አትይ፤ እጄን እይ» አለኝ። «ፍሬኑን ረግጠህ አትያዝ፤ ማርሹ ይያዘው።»

በመስታወቱ እጁን እያየሁ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ ወረድሁ። በቆምሁ ቁጥር ድንጋዩን ከጎማው ሥር ታኮ ያደርግልኛል፤ ስነሣ ያነሣዋል። አንድ ጊዜ የኋላ ጎማዬ ጠጠር ሲያንሸራትት ሰማሁ፤ ጠጠሩ ሲወድቅ ግን የመሬቱን ድምፅ አልሰማሁም። እጄ በላብ ረጠበ። ጋሼ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆመኝ፤ ታኮውን አገባ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ በጣቱ «ና» አለኝ።

ስፍራው ስንደርስ ጂፗ በአጠገባችን አለፈች። ነጂው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብዙ ጊዜ አመሰገነ። ጋሼ ራሱን ብቻ ነቀነቀለት።

እኔ ወዲያው ለመሄድ ቸኩዬ ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ ሄደ፤ ድንጋዩ መንገዱ መካከል ቀርቶ ነበርና በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ተራራው ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ መጥቶ በሩን ዘጋና፦ «በል እንግዲህ፥ ወደ ላይ» አለኝ።